ዘወር ያለችው ልጅ

ትርሲት ሳህኑን ቀስ ብላ አወዛወዘችው። በቀዩ መብራት ስር፣ ፈሳሹ ውስጥ፣ የመስኮት ያህል የሚሰፋው ፊልም መጥቆር ጀመረ። የከተማው ጣሪያ ለፀሐይ የሚከፈተው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ኔጌቲቩ፣ ማለትም ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ብሩህ ሆኖ የሚታይበት ፊልም፣ ከዚያ በፊት መድረቅ አለበት።

ወንበሩ ወጣ። ቀሚሱ ወጣ። ፊቱ ግን አልወጣም።

ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። ፈሳሹንም ፊልሙንም ቀይራለች። ከመዝገብ ቤት በመጣው ፎቶ፣ ስክሪኑ ላይ፣ የስድስት ዓመቷ ሶስና ጥርሷን አሳይታ ትስቃለች። ፊልሙ ላይ ከአንገቷ በላይ ያለው አንድ የተጎተተ ጥቁር ጭረት ብቻ ነው።

ምስሉ በፀሐይ የሚታተምበት ሰማያዊ ወረቀት ድንግዝግዝ አይወድም፤ ኔጌቲቩ ጨለማና ብርሃንን አጥብቆ መለየት አለበት። ስለዚህ ትርሲት ስስ ግራጫዎቹን ሁሉ አስወግዳ ነበር። አሁን ገባት። ስስ ግራጫው፣ የሚስቀው ፊት፣ “አሟይ” ከላይ ያለበሰው ነው። አሟይ የመዝገብ ቤቱ ማሽን ነው፤ በአሮጌ ፎቶ ላይ የጎደለ ካገኘ ገምቶ ይሞላል። መሙላቱን ግን ለማንም አይናገርም።

ፊልሙን አጥባ ሰቀለችው። ምላጭና እርሳሷን አወጣች። በእነሱ ፊልሙ ላይ ፊት መሳል ትችላለች፤ ማንም አያውቅም።

በሩ ተንኳኳ። የሶስና አባት፣ ጋሽ አሰግድ ነበሩ። ልጃቸው ከሞተች ሠላሳ ዓመት ሆኗል። ነገ ወደ ጨው ሜዳው ሰፈር ይሄዳሉ፤ እዚያ ስክሪን አይሠራም፤ የሚይዙት ይህን አንድ ወረቀት ነው።

“ደረሰ? ወይስ ያቺ ቀበጥ አንቺንም አስቸገረችሽ?”

ትርሲት እርሳሱን ደበቀች። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩት።

“ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደህና አደርሽ የምላት ማን ናት?”

“ከፈለጉ እስላታለሁ ጋሼ። ስክሪኑ ላይ እንዳለችው አድርጌ።”

“ተዪው፣ ያቺም ማሽኑ የሳላት ናት።” ጣታቸውን በጭረቱ ላይ አስኬዱ። “ፎቶ አንሺው እንዳትነቃነቂ ብሏት ነበር። እኔ ነኝ ከኋላው ሆኜ ‘ሶሲ’ ያልኳት። ኮፍያዬን ገልብጬ አድርጌ። ዘወር አለች።” ፊልሙን ዝቅ አደረጉ። “ፊቷን እኮ አላስታውሰውም ትርሲት። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የማሽኑ ነው።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ይኸንኑ አትሚልኝ።”

ጣሪያው ተከፈተ። ወረቀቱ ከኔጌቲቩ ስር ሆኖ ፀሐይ ጠጣ። በውኃ ሲታጠብ ሰማያዊው ደመቀ፤ መሃሉ ላይ ነጩ ጭረት ከፎቶው ውጭ ወዳለ ሰው ዞሯል። ጋሽ አሰግድ እስኪደርቅ አልጠበቁም። እርጥቡን ከተዘረጋበት ሰሌዳ ጋር በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወጡ።

ትርሲት ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን የእናቷን ምስል አየች። ከዚያው መዝገብ ቤት የመጣ ነው። ጥርት ያለ፣ ፈገግታው ሙሉ፣ አንድ ጭረት የሌለው። ጣሪያው ለሩብ ሰዓት ገና ክፍት ነው፤ ፈገግታው የእናቷ ይሁን የአሟይ ለመለየት የሚበቃ አንድ ፊልምም ቀርቷታል። ፊልሙን አነሣችው።

መልሳ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችው። ሳህኑን አጠበችና እንዲደርቅ ደፍታ አስቀመጠችው።