ቃል ያልገባው ሙሽራ

ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው። ቡሬ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ አይናለም የምትባል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። እጇ ለስላሳ፣ ምላሷ ፈጣን። መርፌዋ ሲገባ አይታወቅም እያሉ ያመሰግኗታል። ሆኖም አራት ሰው ታግሎ የማይጥለው ገበሬ፣ ደሙን በብልቃጥ ሲያይ ላብ ያጠምቀውና ዘጭ ይላል።

አንድ ሐሙስ እንዲህ ያለ ሰው ከወንበሩ ሲንሸራተት፣ ከኋላ የመጣ እጅ ቀለበው። ወንዳወቅ የሚባል እንግዳ ነበር፤ የታመመ ተማሪ ቡሬ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሊያደርስ ይዞ የመጣ።

«ከመውጋትሽ በፊት እጅ እግሩን አጥብቆ እንዲወጥር ብትነግሪውስ? ትግል እንደሚገጥም ሰው። ወጠር፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ወጠር።»

«ሐኪም ነዎት?»

«የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ተማሪዎችን እመክራለሁ።»

አይናለም ሳቀች። «እሱማ ሳይንስ አይደለም፣ ወሬ ነው። እኔ የማምነው በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ነው።»

«ፍርሃትን በማይክሮስኮፕ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ይህን ሰውዬ ምን ጣለው?»

የሰውዬውን ክንድ ያዘች። ቀና ብላ ዓይኑን አየችው፤ እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

«ጥጥ አቀብለኝ» አለችው። አንቱታው እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ወንዳወቅ ቡሬ ላይ ጉዳይ አያጣም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሻይ ቤት ተቀምጠው ይከራከራሉ።

«ሳይንስ መሣሪያው አይደለም» ይላታል። «ተሳስቼ እንደሆነ በምን ይታወቅብኛል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።»

«አፍህ ጥሩ ነው» ትለዋለች። በልቧ ግን የሚቀጥለውን ቅዳሜ ትናፍቃለች።

ለበዓል ጅጋ አጠገብ ካለው የወላጆቿ ቤት ስትሄድ ክርክሩን ለጨዋታ አወራችው። «ሥራው ወሬ ነው» ብላ ስታስቅ፣ ከሁሉ በላይ የሳቁት አባቷ አቶ ገነነ ነበሩ።

ጥር ላይ ወንዳወቅ ሽማግሌ ላከ። መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ገቡ፣ ቆመውም ጥያቄውን አቀረቡ።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ አቶ ገነነ።

«የሥነ ልቦና ምሁር ነው።»

«አሃ! እሱ ነው እንዴ? ልጄ ራሷ ወሬ ነው ብላናለች። እኔ ለወሬኛ ልጅ አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወጡ።

አይናለም ይህን ስትሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቅዳሜ ሻይ ቤት ሲገናኙ ወንዳወቅ ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ያዟዙራል። ሻዩ ቀዘቀዘ።

«አባትሽ የተናገሩት ያንቺን ቃል ነው» አላት። «ለእኔ ብለሽ እመኚ አልልሽም። ሥራዬን እየናቅሽ ብታገቢኝም አይሆንልኝም። የነገርኩሽን የመወጠር ዘዴ እንፈትነው። የማይረባ ከሆነ ለአባትሽ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ሽማግሌም ዳግመኛ አልልክም።»

«ምነው ወንዳወቅ! እንዲህ ይባላል?»

«ደግሞ የወደቀውን የምትቆጥሪው አንቺ አይደለሽም።»

«ለምን?»

«ስለምትወጂኝ። ዓይንሽ ያደላል።»

ፍቅር የሚለው ነገር በመካከላቸው ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። አይናለም ቀና ማለት አቃታት፤ አልወድህም ግን አላለችም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈቀዱ። ከዚህ በፊት ደም ሲሰጥ ወድቆ የሚያውቅና እሺ ያለ ሁሉ፣ እጁን ከረጢት ውስጥ ከትቶ ዕጣ ያወጣል። ባቄላ ያወጣውን አይናለም እንዲወጥር ትነግረዋለች፤ ሽምብራ ያወጣውን እንደ ወትሮው ትወጋዋለች። የወደቀውን የምትቆጥረው፣ ማን ምን እንዳወጣ የማታውቀው ነርሷ እህተ ማርያም ናት።

ዐቢይ ጾም ገባ። አይናለም ከኪዳን ሳትቀር እመቤቴን ትለምናለች። መጀመሪያ «የሱ እውነት ይሁን» እያለች ነበር። ኋላ ከራሷ አፈረችና «እውነቱን ግለጪልኝ» አለች። ይህን ጸሎት ስትጸልይ እንባዋ መጣ።

ቆጠራው ሲያልቅ እህተ ማርያም ጠራቻት። ሽምብራ ያወጡት እንደ ድሮው ሲወድቁ ከርመዋል። ባቄላ ካወጡት የወደቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። አይናለም ጋዋኗን እንደለበሰች ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደች፤ ከክፍል አስጠርታ «ተሸነፍኩልህ!» ብላ ተጠመጠመችበት፣ ተማሪው ሁሉ እያየ።

የፋሲካ ዕለት አባቷ ፊት ቆመች። «አባባ፣ ያኔ ያልኩት ስሕተት ነበር።»

«አሁን ደግሞ ፍቅር ነው የሚያናግርሽ።»

«የግብርና ሠራተኛው አዲሱን በቆሎ ሲያመጣ እርስዎ አላመኑትም፤ የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን ዘርተው አይደል የለዩት? እኛም ያንኑ ነው ያደረግን።»

አቶ ገነነ በዚህ ሊከራከሩ አይችሉም፤ የራሳቸው ሥራ ነዋ።

«እንግዲያው በእኔ ላይ ይሞከር!» አሉ።

እናቷ ሀብትነሽ ሳቃቸው አመለጣቸው። «መርፌ አይተው እጄ ላይ የወደቁት ሰውዬ?»

«ዝም በይ ሀብትነሽ! በጾሙ ነው የወደቅሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ቡሬ ተሰበሰቡ። መሪጌታም መጡ። አቶ ገነነ ጋቢያቸውን ጥለው ተቀመጡ፤ ወንዳወቅ አወጣጠሩን አሳያቸው። አይናለም መርፌዋን አዘጋጀች።

«እሺ፣ አሁን አይወድቁም በለኝ» አሉት።

አይናለም በዓይኗ ለመነችው፤ አንድ ቃል ናት፣ ብሏት ይገላገል።

«አባቴ፣ እንደዚያ ልል አልችልም። ነግረናቸውም የወደቁ አሉ። እርስዎ ቢወድቁ ወንድነትዎ አይጎድልም፤ ባይወድቁም በአንድ ሰው ሥራዬ አይረጋገጥም።»

አይናለም መርፌዋን ዝቅ አደረገች። አቶ ገነነ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ወሬኛ ቢሆን፣ ልጄን ለማግኘት ሲል አይወድቁም ይለኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «መሪጌታ፣ ይመስክሩ፤ ልጄን ሰጥቻለሁ። አንቺም ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጊኝ እንጂ!»

አይናለም መርፌዋን አስገባች። አባቷ ወጠሩ፣ ለቀቁ፣ ወጠሩ። ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ፣ ላባቸው ወረደ፤ ብልቃጡ ሞላ፤ ሰውዬው እንደተቀመጡ ናቸው! ሀብትነሽ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞችም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏቸው።

አቶ ገነነ ክንዳቸውን በጥጥ ይዘው በእግራቸው ወጡ። በሩ ላይ ቆም አሉና ያ ሁሉ ሰው እንዲሰማ ጮኹ፦

«የት ሄደ አማቼ? ናማ ደግፈኝ!»