ከወንዙ ማዶ የመጣ መርዶ

ነቢዩን ብትጠይቁት፣ «ለኤልያብ የእናቱን ሞት ያረዳሁት እኔ ነኝ» ይላችኋል።

ኤልያብን ብትጠይቁት፣ «ነቢዩ አፉን ሳይከፍት እናቴ ራሷ ነግራኛለች» ይላችኋል።

ለየብቻ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱም ሲያወሩ ዓይናቸው አይሸሽም። ስለዚህ ማንንም ውሸታም አልልም... ነገሩ ግን የሆነ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ አሜሪካ፣ ሰሜን ሜይን ግዛት ውስጥ፣ ካናዳ ድንበር ሊደርስ ጥቂት የቀረው የወንዝ ጫካ ውስጥ።

የነቢዩን ልንገራችሁ። እስከ ዛሬ እንቅልፍ ያጣው እሱ ነው።

ሁለቱ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን፣ አንድ አፓርትመንት ግቢ ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። ታንኳ ተከራይተው ሳምንቱን ወንዙ ላይ ሊያሳልፉ ከአትላንታ ሄዱ። ከጫካው በፊት ባለው የመጨረሻ ጋዝ ስቴሽን ኤልያብ በረዶ ሊገዛ ሲገባ የነቢዩ ስልክ ጠራ።

የኤልያብ አጎት፣ ጋሽ ክፍሌ ናቸው።

«አጠገብህ ነው?»

«አይ፣ ውስጥ ገብቷል።»

«ሸዋነሽ አረፈች... እናቱ። ለጥየቃ እንደሄደች፣ እዚያው አዲስ አበባ፣ ድንገት።»

ነቢዩ መኪናውን ተደገፈ።

«እንዳትነግረው። እሁድ ስትመለሱ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እናረዳዋለን። እስከዚያ ጫካው ውስጥ ይቆይልኝ። አደራ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ኤልያብ በረዶውን ታቅፎ ወጣ።

«ሲግናል ሳይጠፋ እማዬ ጋ ልደውል፣ ብሮ። ትናንት ደውላ አላነሳሁላትም።»

«እዚያ ሌሊት ነው» አለ ነቢዩ። «ተኝታለች።»

ቶሎ ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ቀዘፉ። ማታ ዳር ወጥተው ድንኳን ሲተክሉ ኤልያብ ብቻውን ይስቃል።

«ካምፒንግ ልሄድ ነው ስላት፣ እማዬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ድንኳን የምትተክለው ማን ሞቶብህ ነው?›»

ነቢዩ አጎንብሶ ካስማውን መታ። ቀና አላለም።

ኤልያብ ሊታጠብ ወደ ውኃው ሲወርድ፣ ድንኳኑ ጋ በተወው ቦርሳ ውስጥ ስልኩ ነዘረ።

እዚያ ጫካ ውስጥ ሲግናል የለም...

ነቢዩ አውጥቶ አየው። ምንም ጥሪ የለም። አጠፋው።

ጠፍቶም እጁ ላይ ነዘረ።

ቦርሳው ውስጥ መልሶ ዘጋበት። 

ሊነጋጋ ሲል አንድ ድምፅ ቀሰቀሳቸው። ረጅም ነው፤ ይንቀጠቀጣል...

«ወፍ ነው» አለ ኤልያብ በእንቅልፍ ልቡ። «የሰሜን ወፍ። እንደ ሰው ነው የሚያለቅሰው፣ አንብቤያለሁ።»

እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ወፍ አለ።

ግን ወፍ ስም አይጠራም።

«ኤልዬ...»

ተያይዘው ወጡ። ወንዙን ጭጋግ ሸፍኖታል። ከዛፍና ከውኃ በስተቀር የሚታይ የለም።

«ሰማህ?» ኤልያብ አንሾካሾከ።

«አልሰማሁም።»

ሰምቷል።

«ኤልዬ... ለምን አልደወልክም?»

ድምፁ ከማዶ ነው።

«ተኝታለች ተባልኩ፣ እማዬ» አለ ኤልያብ፤ ስልክ ላይ እንደሚያወራ ሰው፣ ቀስ ብሎ።



ቀጥሎ ሲሰማ ድምፁ የወንዙ መሃል ደርሷል። ውኃው ግን አልተንቦጫረቀም።

«ነቢዩ።»

ከትምህርት ቤት ሲመጡ ሁለቱንም በአንድ ሳህን ስታበላ የኖረችው ሴት ድምፅ ነው። አልተቆጣችም። ያ ነው የባሰበት።

«ንገረው እንጂ፣ ልጄ...»

ነቢዩ መልስ መስጠቱን ያወቀው ከመለሰ በኋላ ነው።

«እሁድ ነው የተባልኩት፣ እትዬ። አደራ አለብኝ።»

ኤልያብ ወደ እሱ ዞረ።

«እሁድ ምንድን ነው?»

ነቢዩ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ኤልያብ... እናትህ አርፋለች። ጋዝ ስቴሽኑ ጋ ነው የሰማሁት። ስትስቅ እያየሁ ዝም አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ያለቅሳል ብሎ ጠበቀ። ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ይቀለው ነበር።

«አውቃለሁ» አለ ኤልያብ። «አንተን ስታናግርህ፣ ለእኔም በጆሮዬ ነገረችኝ።»

ወደ ታንኳው ወረደ። ነቢዩ በዓይኑ ተከተለው...

ታንኳው ባዶ ነው። መሃሉ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ወደ ውኃው ዝቅ ብሏል።

ኤልያብ አንዱን የመንሳፈፊያ ጃኬት አነሳ። ምንም በሌለበት መሃል፣ ለሰው ትከሻ እንደሚደረብ አድርጎ በቀስታ አለበሰው።

እጁን ለቀቀ።

ጃኬቱ አልወደቀም።

«እኔም ልምጣ» አለ ነቢዩ። 

ኤልያብ ገመዱን ፈታ። መቅዘፊያውን ይዞ ወደ ነቢዩ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

«እሷን እኔ እወስዳታለሁ» አለ። «አንተ በወንዙ ዳር በእግርህ ና። ታንኳው ለሦስት ሰው አይበቃም።»