ከጓጉንቸሩ ሥር ያለው ሳሙና

የጥገና መሐንዲሱን ከሳሙና ማቡኪያው ማሽን ውስጥ ያወጡት በሁለት ሸራ ነው። አንዱ አልበቃም።

መርማሪው በልቡ «ነፍስ ይማር» አለና ወደ ዋናው ማብሪያ ዞረ። በዚህ ፋብሪካ ጠጋኝ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማብሪያውን አጥፍቶ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፍበታል፤ መክፈቻውን ኪሱ ከትቶ ይገባል። ጓጉንቸሩ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። መክፈቻው ከሟች ኪስ ተገኝቷል።

ማስነሻውን የጫነችው ኦፕሬተር ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ፖሊስ ሊወስዳት በሩ ላይ ቆሟል።

«ጓጉንቸር አልነበረም» አለች። «ኃይል መኖሩን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት በርቶ አየሁ። ጨርሶ የወጣ መስሎኝ ነው። እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን የሚያይልኝ የለም።»

«እሷ እንኳን ጓጉንቸር፣ ዝሆን ቢገተርባትም አታይም» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የሟች ሚስት ወንድም። «ሽቦ ተነካክቶ ኃይል አልፎ ይሆናል፣ ጌታዬ። ጓጉንቸሩ እያለ መጫኗ ነው ጥፋቱ። ጋሼን በላችው።»

መርማሪው ወደ ማብሪያው ቀረበ። ማሽኑ ሲነሳ የተፈናጠረው ሳሙና ግድግዳውንም ማብሪያውንም አልብሶ ደርቋል። ጓጉንቸሩን በመሐረብ ይዞ ቀና አደረገው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ከሟች ሚስት ጋር እዚያው ሰበሰባቸው።

«ጓጉንቸሩ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም» አለ ቀስ ብሎ። «ከሥሩ ያለው ብረት ግን ሳሙና ለብሷል። ማሽኑ ሲዞር ጓጉንቸሩ ተንጠልጥሎ ቢሆን ሳሙናው እሱን ይመታ ነበር፤ ብረቱም ንጹሕ ይቀር ነበር። ስለዚህ አልነበረም። ልጅቷ እውነቷን ነው። አንድ ሰው ከፍቶ ኃይሉን ለቀቀ፤ ሁሉም ወደ ጩኸቱ ሲሮጥ ማብሪያውን አጥፍቶ መልሶ ቆለፈው። የሟች መክፈቻ ደግሞ ከሟች ጋር ማሽኑ ውስጥ ነበር። ጓጉንቸር ሲገዛ ግን መክፈቻው ሁለት ነው። እትዬ፣ ሁለተኛው የት ነው?»

«ቤት ነበር...» ሴትየዋ ወንድሟን አየችው። «ትናንት ጋሼ የእሱ ጠፍቶበታል ብለህ ወሰድክ። እኔው ነኝ ፈልጌ የሰጠሁህ።»

ወንድምየው መካዱን ተወው። «ጋሼ፣ አምና አንድ ሠራተኛ ክንዱን ያጣው በእኔ የሽቦ ሥራ ነው ብሎ ነገ ሊመሰክርብኝ ነበር። በሚስቱ ወንድም ላይ!» ወደ ኦፕሬተሯ በአገጩ ጠቆመ። «ማስነሻውን ግን አልነካሁም። ጠይቋት።»

ፖሊስ በካቴና አስሮ ወሰደው። እህቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የሚያነሳት አልተገኘም።

«አንቺ ነጻ ነሽ» አላት መርማሪው ኦፕሬተሯን። «ወደ ልጆችሽ ሂጂ።»

አልተነሳችም። «የጫንኩት ግን እኔ ነኝ፣ አይደል?»

የሚያጽናናት ቃል ፈለገ፤ የለመደው ጸሎት እንኳ አልመጣለትም። መዋሸት ደግሞ አይሆንለትም።

«አዎ» አላት።