ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያዛጋው በር

ይህ የሆነ ነገር ነው። ባለታሪኩ ቦጋለ አጠገቤ ተቀምጦ የነገረኝን፣ እኔም ዝም ብዬ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። ከራሴ የጨመርኩበት የለም፤ ከላይ የሚያይ አለ።

ቦታው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ሰዓቱም ጨለማ እንዳይመስላችሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጊዜው ሲም ካርድ በወረፋ የሚገኝበት ነበር።

ቦጋለ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሞባይል ይጠግናል። አንድ ቀን ሀጂ ጠሀ የተባሉ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ከዱባይ ያስመጡትን ሳጥን ይዘውለት መጡ። ሳጥኑ ሲም ካርድ ይጎርሳል። ሚስኮል ሲደረግለት የመጋዘኑን የላሜራ በር በሞተር ጠቅልሎ ያነሳል፤ ትንሽ ቆይቶም ራሱ ይዘጋዋል።

"ሲም ግን የለኝም" አሉ ሀጂ። "እንደምንም ፈልግልኝ። ነገ ዕቃ ይገባብኛል።"

ቦጋለ መሳቢያውን ሳበ። ኃይለመለኮት የሚባል ወጣት ለጥገና ትቶት፣ ክረምቱ አልፎም ያልወሰደው ስልክ አለ። ሲሙም ውስጡ ነው።

ሲመጣ እመልስለታለሁ አለ በልቡ... አወጣውም።

ሳጥኑን የሀጂ ጠሀን ስልክ ብቻ እንዲሰማ፣ በሩንም ቶሎ እንዲዘጋ አድርጎ ከበሩ ጎን ገጠመው። ሌላ ሰው ቢደውል በሩ ንቅንቅ አይልም።

ብዙም ሳይቆይ ሀጂ አስጠሩት።

"ቦጋለ፣ በሬን ምን አስለመድከው? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሀራራ እንደያዘው ሰው ያዛጋል።"

ሳቁ። ቦጋለም አብሮ ሳቀ።

በማግስቱ ግን ቆሞ ጠበቀው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሩ ቀስ ብሎ ተነሳ... ሀጂ ስልካቸውን አልነኩም። በሳጥኑ ትንሽ መስኮት ላይ ቦጋለ የማያውቀው ቁጥር በራ።

ከዚያ በሩ መውረድ ጀመረ። መሬት ሊነካ ሲል ተንቀጠቀጠ...

ከውስጥ ሰው በእጁ እንደያዘው።

ቦጋለ ወደዚያ ቁጥር ደወለ። አንዲት እናት አነሱ።

"እናቴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚደውሉት ለማን ነው?"

"ለልጄ ነዋ፣ ለኃይለመለኮት። በዘጠኝ ሰዓት ወጥቶ ቀረብኝ። ስልኩ ዝግ ነበር፤ ሰሞኑን ግን ይጠራል። ጎረቤቱ ሁሉ 'ሸዋገነት፣ እርምሽን አውጪ' ይለኛል። ስልኩ እየጠራ እርም ይወጣል? አንተ ታውቀዋለህ እንዴ?"



"አላውቀውም" አለ ቦጋለ።

ስልኩን ዘጋው፤ ያቺ ቃል ግን አልለቀቀችውም። ሲሙን ቢያወጣ ስልኩ መጥራት ያቆማል፤ እናት ልጃቸውን በዚያው ቀን ይቀብራሉ። ቢተወው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን የላሜራ በር ሲጠሩ ይኖራሉ። እሑድ ቅዳሴ ሄዶ ከደጀ ሰላሙ ማለፍ አቃተው። 

ሲብስበት ሊናዘዝ ደወለላቸው።

"እትዬ ሸዋገነት፣ አንድ ነገር ልነግርዎ..."

ቀደሙት። ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል።

"ትናንት አነሳው።"

"ማን?"

"ልጄ።"

ሳጥኑ ጆሮ የለው... አፍ የለው...

"ምን... ምን አለዎት?"

"'እማዬ፣ እዚህ ጨለማ ነው' አለኝ። 'ስትደውዪ በሩ ይከፈታል። ልወጣ ስል ይዘጉብኛል።'"

ቦጋለ እጁን አየ። በሩ ቶሎ እንዲዘጋ ያደረገው ያ እጅ ነው።

በነጋታው ሀጂ ጠሀ ለሶላት ወጣ ሲሉ እትዬ ሸዋገነትን መጋዘኑ ደጃፍ አምጥቶ ሁሉንም ነገራቸው። ስልኩን፣ ሲሙን፣ 'አላውቀውም' ያለውን። አላለቀሱም። አልተራገሙም። ቢራገሙ ይሻለው ነበር።

መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ። ሲሙን ከሳጥኑ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው።

"ሲጠራ የነበረው ይኼ ነው። ልጅዎ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።"

ሲሙን አዩት። በሌላ እጃቸው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

"እትዬ... ከእንግዲህ እኮ አይጠራም።"

"ዝም በል።"



ከስልካቸው ውስጥ ድምፁ ተሰማው...

ይጠራል።

በሩ ተነሳ። ሞተሩ ድምፅ የለውም። ሳጥኑ ጨልሟል። በሩ ግን ተነሳ... ተነሳ... በሰው ቁመት ልክ ሲደርስ ቆመ።

ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታየው።

"ሲዘጋበት የነበረው በር ይኼ ነው?" አሉ እትዬ ሸዋገነት፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሱ።

"ይኼ ነው።"

"ያንተ ሥራ ነው?"

"የኔ ነው።"

"እንግዲያ ዞር በልለት።"

ቦጋለ ከበሩ ፊት ዞር አለ።

እትዬ ሸዋገነት ጥቂት ጠበቁ... ከዚያ ወደ ሲኒማ ራስ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ እጃቸውን ከጎናቸው ትንሽ ዘርግተው። አንድ ጊዜም ዞረው ቦጋለን አላዩትም።

በዚያ ሰዓት ሶማሌ ተራ ሰው ለሰው መንገድ አይለቅም። ትከሻ ከትከሻ ነው።

ለእሳቸው ግን ተሸካሚው ከነሸክሙ፣ ባለጋሪው ከነጋሪው ጥግ እየያዘ፣ ወዴትም ሳያይ፣ ያሳልፋቸው ነበር...

የሚለቅላቸውም መንገድ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር።