በጾም ፓስታ ውስጥ የገባው እንቁላል

ሰምሃል ትባላለች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ዐሥራ አንድ ነበር። እዚሁ ሜልቦርን፣ ካርልተን ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ከእናቷ ከእየሩና ከትንሽ እህቷ ከሊሊ ጋር ትኖር ነበር። አሁን አድጋለች፤ ታሪኩን እንድነግራችሁም ፈቅዳልኛለች። ጎበዝ ልጅ ናት። ግን ያን ጊዜ እንዴት እንዳናደደችኝ! ያኔት፣ ወንበሩን ማወዛወዝ ተዪና ስሚ።

ዐቢይ ጾም ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአረጋውያን ምሳ የማምጣት ተራው እኔ የማስተምረው የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ነበር። ምስርና ሽሮ ስጠብቅ ሰምሃል እጇን አወጣች።

«ጋሼ አስራት፣ እኔ ጃፕቼ እሠራለሁ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኮሪያ ፓስታ። ከስኳር ድንች ነው የሚሠራው። ሲቀቀል እንደ መስታወት ያሳያል። ከአትክልት ጋር ይጠበሳል።»

«የጾም ነው?»

«አዎ፣ የጾም አድርጌ ነው የምሠራው።»

ይህን ቃሏን ያዙልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ማድ ቤት ገቡ። ምግቡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ካሮቱ ለብቻው፣ እንጉዳዩ ለብቻው፣ ቆስጣውም ለብቻው ይጠበሳል። የእየሩ እጅ ግን ወጥ ነው የለመደው። ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨምራ ማቁላላት ጀመረች።

«ማም፣ ስቶፕ። ይሄ ቁሌት የለውም።»

«ሽንኩርት ሳይቁላላ ምን ምግብ አለ? ደግሞ ይሄን ሁሉ መጥበሻ ማን ሊያጥበው ነው?»

«እኔ።»

«እናያለን» አለችና የታጠበ ልብስ ከማሽን ልታወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው ማጠቢያ ክፍል ሄደች።

ሰምሃል ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አየች። ፓስታው ላይ ቀጫጭን ቢጫ ነገር አለ። እንቁላል ነው። እናቷ በእሱ ፈንታ ቢጫ የፈረንጅ ቃሪያ ከትፋላት ነበር። «እንደ ፎቶው አይደለም» አለች ሰምሃል። ፍሪጅ ከፈተች። ገና ለማትጾመው ለሊሊ የተገዛ እንቁላል አለ። አንዱን ሰብራ በስሱ ጠበሰችው፤ ከትፋም ከፓስታው ጋር ቀላቀለችው።

«አንድ ብቻ ነው። ማን ያውቃል?» አለች።

እስቲ ንገሩኝ፣ በጾም «አንድ ብቻ» የሚባል እንቁላል አለ? የለም። እየሩ ተመልሳ ስታይ ቢጫው ሁሉ ቃሪያ መሰላት።

እሑድ ከአረጋውያኑ አንዷ፣ እትዬ ማንተግቦሽ፣ ከኖርዝ ሜልቦርን በጠዋት መጥተው አስቀድሰዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ቅዳሴውን ቆመው ነው የጨረሱት። ወደ አዳራሹ ሲገቡ ሰምሃል አየቻቸውና ደነገጠች። በሹካ ቢጫ ቢጫውን መልቀም ጀመረች።

«ምን እየፈለግሽ ነው?» አልኳት።

«ናቲንግ። ቃሪያው ስለማይጣፍጥ ነው።»

እኔም አመንኳት። ይሄ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። የመጀመሪያውን ሳህን ራሴ ሞልቼ ለእትዬ ማንተግቦሽ ሰጠኋቸው።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» አሉ። «የልጅ እጅ የሠራውማ ይጣፍጣል። እግዜር ያሳድግሽ፣ ልጄ።»

ባርከው ሹካውን አነሡ። ሰምሃል ምርቃቱን ስትሰማ አላስችል አላት።

«እትዬ፣ አይብሉት። እንቁላል አለው። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

እትዬ ማንተግቦሽ ሹካውን መልሰው አስቀመጡ። ሌሎቹ ልጆች ያመጡት ምስር ለሁሉም አልደረሰም፤ እሳቸውም ለሌሎቹ ትተው ዳቦ በሻይ በሉ። እኔ በንዴት ጨስኩ። ልቆጣ አፌን ስከፍት ግን እትዬ ከለከሉኝ።

«አስራት፣ ተዋት። አፌ ሳይደርስ ነግራኛለች።»

ሰምሃል እያለቀሰች «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ። በሚቀጥለው እሑድ የጾሙን ሠርተሽ አምጪልኝ።»

«ያምኑኛል?»

«ይኸው፣ ራስሽ ነግረሽኝ የለ? አምንሻለሁ።»

ሰምሃል ቤቷ ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ተናገረች፤ ከቅዳሜ ጀምሮ የተከመረውንም መጥበሻ አጠበች። በሚቀጥለው እሑድ ጃፕቼውን በካሮት፣ በእንጉዳይ፣ በቆስጣ፣ በሽንኩርትና በቢጫ ቃሪያ ብቻ ሠርታ ከእናቷ ጋር አመጣች። እትዬ ማንተግቦሽ ምንም ሳይጠይቁ ጎረሱ። ሳህኑን ጨርሰው ድጋሚ አስጨመሩ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ሽንኩርቱ ግን ትንሽ ቢቁላላ ኖሮ።»

ሰምሃል እናቷን አየች። እየሩ «አላልኩሽም?» አለቻት።

ልጆች፣ አምኖን ከእጃችን የሚጎርስን ሰው አናታልል፤ ካጠፋንም ሳይጎርስ እውነቱን እንንገረው።