ተረኛው ከኋላ ቆሞ ነበር

«አሁን ቁጥሩ ስንት ላይ ነው?»

«አንድ ነጥብ ስምንት።»

«በይ አንሽኝ።»

መክሊት ካሜራውን አስተካክላ ያዘችና ኸይሩን አነሣችው። እስክሪኑ ላይ የኸይሩ ፊት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከኋላው ያለው የሱቁ ግድግዳ፣ የተሰቀሉት የሙሽሮች ፎቶዎች፣ የተንዘላዘለው የመብራት ገመድ ሁሉ ቀልጠው እንደ ጉም ሆነዋል። ያ የተጨናነቀ ክፍል እንደዚህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም።

«ያ ሰላም!» አለች።

«ችግሩ እሱ ነው» አለ ኸይሩ እየሳቀ። «ያየው ሁሉ ‹ያ ሰላም› ይላል። ከዚያ ሠርግ ቤት ይዞት ይሄድና ከኋላ የቆሙትን የሙሽራዋን አባት ጉም አድርጎ ያጠፋቸዋል።»

ኸይሩ በሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት አለው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «ዓሚ ኸይሩ» ይሉታል፤ በዐረብኛ አጎቴ እንደ ማለት ነው። መክሊት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቷ «ቤት ተጎልተሽ ከምትውዪ ሙያ ልመጂ» ብላ ወደ እሱ ላከቻት። ካሜራው በዚያው ሰሞን ከካርቱም የመጣ ነው። ኸይሩ እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው።

«ስሚ» አላት። «ይህ እንደ ድሮዎቹ ውስጡ መስታወት የለውም። ለዚህ ነው ሚረርለስ የሚሉት። የሚወጣውን ፎቶ ገና ሳታነሽው እስክሪኑ ላይ ታይዋለሽ። ግን እስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ትንሽ ነገር ላይ ሁሉም ሰው ያምራል። ስለዚህ አጉልተሽ እይ። የኋለኛውን ረድፍ ፊት አንድ በአንድ ሳታይ ሰው አትበትኝ።»

«እሺ።»

«ሌንስ እንደ ዓይን ብሌን አለው። ቁጥሩ ሲያንስ ብሌኑ ይከፈታል፤ ብርሃን ይገባል፤ የሚጠራው ግን አንዱ ፊት ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ብሌኑ ይጠባል፤ የፊቱም የኋላውም ይጠራል። ለአንድ ሰው ሃምሳው ሌንስ። ለብዙ ሰው ዙሙ፣ ቁጥሩ ስምንት። ኸላስ፣ በቃ!»

«ብርሃኑ ካነሰስ?»

«አይኤስኦውን፣ ካሜራው ብርሃን የሚለቅምበትን ቁጥር፣ ከፍ ታደርጊያለሽ። ያኔ ፎቶው ትንሽ አሸዋ አሸዋ ይላል። ይበል። አሸዋ የነካው ፊት ያው ፊት ነው።»

መክሊት ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ግን ሃምሳው ላይ ነበር። አጭር፣ ክብ፣ ፊቱ እንደ ውኃ የጠራ።

የግንቦት ገብርኤል ማኅበር ተረኛ የብፅአት አባት ጋሽ ዓባይነህ ነበሩ። ብፅአት ከመክሊት ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራ የተማረች ጓደኛዋ ናት። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው፤ በየወሩ በተራ ያበላሉ፣ ያጠጣሉ። ጋሽ ዓባይነህ ቁረይሻ በሚባል ሩቅ ቦታ የሰሊጥ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ ስለሆኑ ቤታቸው የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። ለዚህ ተራቸው ግን በጭነት መኪና ላይ ተጭነው፣ እስከ ቅንድባቸው አቧራ ለብሰው መጡ። ዘንድሮ የማኅበሩ ፎቶ ይነሣ ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ኸይሩ የዚያን ቀን ሌላ ሥራ ነበረበት። «አንች ሂጂ» አላት። ዙሙን ካሜራው ላይ ገጠመላት። «ሃምሳው ከሱቅ አይወጣም። ስምንት ላይ አድርጊ፤ አጉልተሽ እይ።» ይህን ብሎ ለዙህር ሶላት ወጣ።

መክሊት ብቻዋን ቀረች። ለብፅአትና ለሰፈሩ ሴት ልጆች «ጀርባውን ጉም የሚያደርግ ሌንስ አለን» ብላ ሳምንቱን ሙሉ ስታወራ ነበር። መሳቢያውን ከፈተች። ዙሙን ነቅላ ሃምሳውን ገጠመች። ዙሙን ፎጣው ውስጥ አስቀምጣ ሪክሻ ያዘች።

የነብፅአት ግቢ በሰው ሞልቷል። ማኅበርተኞቹ በሳር ከተከደነው ዳስ፣ ከራኩባው ሥር፣ በአንገረብ አልጋና በወንበር ተደርድረዋል። ጋሽ ዓባይነህ የጠላውን ማሰሮ ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። መክሊትን ሲያዩ ቆም አሉ።

«አንች የኸይሩ ተማሪ፣ ሽበቴን እንዳትደብቂብኝ።»

«ለምን ጋሼ? ሰው ሁሉ እኮ ደብቂልኝ ነው የሚለው።»

«እናቴ ናት የምታየው። ከአርማጭሆ ስወጣ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በስልክ ‹ልጄ› ስትለኝ እስከ ዛሬ ያ ጎረምሳ ነው የሚታያት። አረጀሁ ብላት አታምነኝም። በመተማ በኩል የሚሻገር ነጋዴ አግኝቻለሁ፤ ይወስድላታል። ፊቴን ትይልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

ፎቶው ሊነሣ ሲል ስድስቱ ከፊት ተቀመጡ፣ አምስቱ ከኋላቸው ቆሙ። ጋሽ ዓባይነህ ግን ከሁሉም ርቀው ከራኩባው ምሰሶ አጠገብ ማሰሯቸውን እንደ ታቀፉ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ወደ ፊት ይምጡ!» አለች መክሊት።

«እኔ ዛሬ ተረኛ ነኝ የኔ ልጅ። ተረኛ እንግዳ ጋርዶ ይቆማል እንዴ? ከዚህም እታያለሁ።»

«ተይው» አሉ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው ጋሽ አንዳርጋቸው ከመካከል ሆነው። «ማሰሮውን የምንነጥቀው መስሎት ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሃምሳው ጠባብ ነው። ሁሉም እስኪገቡላት መክሊት ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያለች ጀርባዋ አጥሩን ነካ። እስክሪኑ ላይ አረንጓዴዋ ሳጥን የጋሽ አንዳርጋቸው ፊት ላይ አረፈች። ነጠላቸው ያበራል፣ ጀርባው ጉም ሆኗል። ቁጥሩ አንድ ነጥብ ስምንት ላይ ነበር። ያም ታወሳት። ወደ ስምንት ብታዞረው ግን ጉሙ ይጠፋል። ብፅአትና ልጆቹ ከጎኗ ተኮልኩለው እስክሪኑን እያዩ «ወላሂ እንደ ፊልም ነው!» ይላሉ። አላዞረችውም። ሦስት ጊዜ ተጫነች።

ጋሽ አንዳርጋቸው ተነሥተው መመረቅ ጀመሩ። መክሊት ያኔ ነው ያጎላችው። የፊተኞቹ የጢማቸው ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። የቆሙት ትንሽ ፈዘዋል። ጣቷን ገፋ አድርጋ ወደ ምሰሶው ሄደች። ማሰሮ የያዘ ሰው አለ። ከራሱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ይታያል። በዓይኖቹ ቦታ ሁለት ጥላዎች፣ ከሥራቸው አንድ ብዥታ። ፊት የለም።

ሁለተኛውን አየች፣ ሦስተኛውን አየች። ያው ነው።

የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነበር። ቁጥሩን አዙሮ «እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ» ማለት። አፏን ከፈተች። ሽማግሌዎቹ ግን ምርቃታቸውን ጨርሰው ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። አንዱ ከዘራቸውን አንሥተዋል። አሥራ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን መልሳ ልታስቀምጥ፣ በነዚህ ሁሉ ልጆች ፊት አላወቅሁበትም ልትል ነው። አፏን ዘጋች።

«አሪፍ ነው?» አለቻት ብፅአት።

«አሪፍ ነው» አለች መክሊት። ካሜራውን አጠፋችው።

ጋሽ ዓባይነህ በማግስቱ ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ሳይገባ ብለው ወደ ቁረይሻ ተመለሱ። ሰኔ ላይ ብፅአት ፎቶ ቤት መጣች።

«አባዬ ደውሎ ነበር። ‹ፎቶዋ ወጣች ወይ?› ይላል።»

«ቀለም አልቋል። ከካርቱም እስኪመጣ ነው» አለች መክሊት።

ከጀርባዋ ያለው ማተሚያ ቀለም ሞልቶት ነበር። መክሊት በልቧ ሌላ ነገር አቅዳለች። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ ጋሽ ዓባይነህ ይመጣሉ። ያኔ ብቻቸውን ወንበር ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ሃምሳው ለአንድ ሰው ነው። ሽበታቸውን አንድ በአንድ ታወጣዋለች። ማንም ምንም ሳያውቅ ይስተካከላል።

መስከረም ሳይደርስ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ ወባ ያዛቸው። ዝናቡ ጥቁሩን አፈር ጭቃ አድርጎት መኪና አይገባም። በትራክተር ጭነው ሲያመጧቸው ትራክተሩም ተቀረቀረ። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ አረፉ። እዚያው ቀበሯቸው።

የብፅአት መልእክት በስልክ የደረሳት በማግስቱ ጠዋት ነው። «መኪ፣ የማኅበሩን ፎቶ አትመሽ አምጪልኝ። ሬሳው ስላልመጣ ከልብሱ ጋር መሐል የሚቀመጥ ፎቶ ያስፈልጋል። ለአያቴም እንልካለን።»

መክሊት ስልኩን ጨብጣ ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጠች። ለኸይሩ ምንም አላለችም፤ የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ ብቻ ሰጠችው። ኸይሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። አጎላው። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ።

«ሃምሳው ነው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም። እሱስ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«የጠፋ ፊት በማሽን አይመለስም» አለ። ከዚያ ከመሳቢያው አንድ አሮጌ ካርድ አወጣ። ጋሽ ዓባይነህ ገና እንደ መጡ ሾዋክ ከተማ ላይ ያወጡት የስደተኛ መታወቂያ ነው። እትዬ አሰፋሽ፣ ሚስታቸው፣ ምናልባት ቢጠቅም ብለው ጠዋት ልከውታል። በትንሿ ፎቶ ላይ አንድ ጎረምሳ አፍጥጦ ያያል።

«ይህን ፊት ቆርጬ እዚያ አካል ላይ አደርገዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሠርቸዋለሁ፤ ስፌቱ አይታይም። እስኪ እይ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በምሰሶው አጠገብ፣ ማሰሮ ታቅፎ፣ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ቆሞ ነበር። ጥርት ያለ፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ ግንባሩ ለስላሳ።

«እናቱ የሚያስታውሱት እንደዚህ ነው» አለ ኸይሩ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አይጠረጥሩም። አንችም ትተርፊያለሽ።»

እውነቱን ነው። ማንም አይጠረጥርም። ያች አሮጊት ፎቶውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «ልጄ ሳያረጅ ሞተ» ይላሉ። መክሊት የጋሽ ዓባይነህ ሳቅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። አረጀሁ ብላት አታምነኝም።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«ያበላሸሁት ፎቶ እንዳለ ይታተምልኝ። የመታወቂያው ፎቶም ለብቻው ይጉላና ይታተም። አይቀላቀሉ።»

ኸይሩ ወንበሩን አዙሮ አያት። «ብዥ ያለውን ማን አበላሸው ሲሉሽ፣ ‹ማሊሽ፣ ይቅርታ፣ ማሽኑ ነው› ብዬ አልመሰክርልሽም።»

«አውቃለሁ።»

ልቅሶ ቤቱ በር ላይ ሴቶች ዝናቡን ተጠልለው ተቀምጠዋል። ብፅአት ጥቁር ለብሳ ከጓዳ ወጣች። መክሊትን እጇን ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻት። መክሊት የሰጠቻትን ፖስታ ከፍታ የመታወቂያውን ፎቶ አየች። ሁለተኛውን አወጣች። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ እንደገና አስጠጋችው።

«አባዬ የታለ?»

«ይኸው ምሰሶው ጋ።»

«ይህማ ፊት የለውም።»

ብፅአት ቀና ብላ አየቻት።

«አሪፍ ነው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«እስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ አላየሽውም ማለት ነው።» ብፅአት ይህን ስትል ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ጓደኛዋን ልታወጣት ፈልጋለች።

መክሊት አዎ ብትል ያልቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ከውስጥ የሴቶቹ ሙሾ ከፍ ዝቅ ይላል።

«አይቼው ነበር» አለች። «ያን ጊዜውኑ አጉልቼ አየሁት። ሰዎቹ ሳይሄዱ። ድገሙልኝ ማለት አፈርሁ። ቀለም አልቋል ያልሁሽም ውሸት ነው።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

ብፅአት ፎቶዎቹን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተች።  ከዚያ ወደ ቤት ገባች። መክሊት አበቃ ብላ ቆመች። ጥቂት ቆይታ ግን ብፅአት የትምህርት ቤት ደብተሯንና እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰችና ወደ መክሊት ደረት ገፋችው።

«ለአያቴ አንች ጻፊላት። ነጋዴው ነገ ይሄዳል። ይህ ፎቶ ለምን እንደዚህ ሆነ፣ አባዬስ ምን ይመስል ነበር፣ ሁሉንም ጻፊላት። አንች አይደለሽ ስታነሽው የነበርሽው?»

«ብፅአት...»

«አሁን አታናግሪኝ።»

ሄደች። መክሊት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጥሩ ፊደል ጻፈች፤ «ይድረስ ለጋሽ ዓባይነህ እናት። ፎቶው የተበላሸው በእኔ ጥፋት ነው። ስሜ መክሊት ይባላል።» ይህን መጻፍ እንደ ፈራችው አልከበዳትም።

ቀጥላ «ዓይናቸው» ብላ ጻፈች። እጇ ቆመ።

ዓይናቸው ምን ዓይነት ነበር? ትልቅ ነው ትንሽ? ሲስቁ የሚጠብ ነው? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በዚህ ቤት ስትገባና ስትወጣ ኖራለች። እንጀራቸውን በልታለች። ማሰሮው ትዝ ይላታል፣ ምሰሶው ትዝ ይላታል፣ ያ ያማረ ጉም ትዝ ይላታል። ዓይናቸው አልመጣላትም።

የሚያውቁት እትዬ አሰፋሽ ናቸው። እሳቸው ከሴቶቹ መካከል፣ ከባላቸው ልብስ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሄዳ ብትጠይቃቸው ለምን ትጠይቂኛለሽ ይሏታል። መልሱንም በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ልትሰጥ ነው።

መክሊት ደብተሩን ዝናብ እንዳይነካው ከነጠላዋ ሥር ያዘች። ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ሴቶቹን ይቅርታ እያለች፣ በመካከላቸው አልፋ፣ እትዬ አሰፋሽ እግር ሥር ተንበረከከች።