ሄሊኮፕተሩ የቀረበት ዓመት

«ገዢው ሉሲኪሲኪ ደርሷል አሉ!»

አክስቴ ኖንዙዞ ይህን ሳትደግም የዋለችበት ቀን የለም። ውሃ ስንቀዳም ይኸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም ይኸው። ከተራራችን በታች ባለችው ከተማ ከባሕር ማዶ የመጣ የሐሺሽ ገዢ አለ፤ ሐሺሽ ስለተፈቀደ ያለ ፍርሃት በጠራራ ፀሐይ ይገዛል፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚፈልገው ደግሞ የእኛን ተራራ ቅጠል ነው። «ካየው ሰው ነው የሰማሁት» ትላለች። ያ ሰው ሲጠየቅ እሱም ከሌላ ነው የሰማው።

«አክስቴ፣ ሰውዬው ሉሲኪሲኪ ከደረሰ ዓመት አለፈው እኮ። እየዳኸ ነው እንዴ የሚመጣው?» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺ ምላስሽን ለባልሽ ቆጥቢ!»

ባሌ ይሆናል ያልኩት ሉንጊሳ ነበር።

እሱን ያገኘሁት ቅጠሉ ገና ክልክል በነበረበት ጊዜ ነው። አዝመራው ሊደርስ ሲል የፖሊስ ሄሊኮፕተር እየመጣ ከላይ መርዝ ይረጭብን ነበር። አንድ ቀን ከወንዝ ስመለስ ድምፁን ሰማሁና ያገኘሁት በቆሎ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። የማላውቀው ወጣት ክንዴን ይዞ ወደ አንድ ቋጥኝ ሥር ጎተተኝ፤ ከዚያም ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነው።

«ምንድን ነው ያለበስከኝ?»

«የአጎቴ ሸሚዝ።»

«ይሸታል!»

«መርዙ አይሸትም። ምረጪ።»

ሸሚዙን መረጥኩ። ሄሊኮፕተሩ ከሄደ በኋላም ከቋጥኙ ሥር ለመውጣት አልቸኮልንም። እሱ በመርዙ የተቃጠለውን ማሳውን ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ። ዞር ሲል ዓይኔን ወደ ሰማይ አነሳሁ፤ ሄሊኮፕተሩ እንዳይመለስ የምጠብቅ መስዬ።

«ሄዷል እኮ» አለኝ፤ ሳቁን እንደያዘ።

«መች ጠየቅኩህ?»

«የየትኛው ጎሳ ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የጃሊ።»

«እንግዲህ ማጃሊ ብዬሻለሁ» አለ፤ በጎሳዬ ስም፣ እንደ ትልቅ ሴት አክብሮ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

ሉንጊሳ ቅጠሉን ወደ አፉ አስጠግቶት አያውቅም። አያቱ ማታ ማታ ለጉልበታቸው አንድ ፒፓ ያጨሳሉ፤ እሱ ግን «የምሸጠውን አልበላም» ይላል። ተራራችን ላይ የሚዘራው ሁሉ እንደዚሁ ነበር። ቅጠሉ ለእኛ የትምህርት ቤት ጫማ ነው፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ለሙሽራ ቤተሰብ የሚነዳ የጥሎሽ ከብት ነው። ጢሱ የሌላ አገር ሰው ጉዳይ ነው።

ከዚያ የአገሪቱ ትልቁ ፍርድ ቤት ቅጠሉን ፈቀደ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ በሬ ጣሉ። እኔ ብቻ ጋዜጣውን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤ «የተፈቀደው በቤትህ ለራስህ እንድትተክል ነው፤ ሽጥ አይልም» አልኩ።

ሉንጊሳ ሳቀብኝ። «ማጃሊ፣ በደስታችን ላይ ውሃ አትቸልሺ።»

በዚያው ሰሞን አጎቶቹ ለሽምግልና መጡ። በማለዳ ከደጃችን ቆመው የጎሳቸውን ስም ጠሩ፤ አባቴም ወደ ከብቶቹ በረት ይዟቸው ገባ። እኔ ከማድ ቤት ሆኜ የሰማሁት የወንዶቹን ሳል ብቻ ነው። እዚያ የተባለውን ሴት ልጅ አትጠይቅም፤ እስኪነግሯት ትጠብቃለች። ምላሴ እንደ ምላጭ ነው የምባለው እኔም አልጠየቅኩም። የነገረኝ ሉንጊሳ ነው፦

«ገዢው ሲመጣ ከብቶቹን ባንድ ጊዜ ነድተን እንመጣለን። አጎቴ ሙሉውን ካልያዝን በዚያ ደጅ አንቆምም ብሏል።»

ሙሉውን ካላመጣችሁ ያለ አባቴ፣ ልቡ ድንጋይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሰላምታዬን አሳጠርኩበት።

በዚያ ዓመት ሄሊኮፕተሩ አልመጣም። ማሳው እንደዚያ ለምልሞ አያውቅም፤ ሉንጊሳ አጭዶ የመጋዘን ጎጆውን እስከ ጣሪያው ሞላው። ገዢ ግን ዝር አላለም። ከተማ ያለው ሰው በየጓሮው ተክሏል፤ ሀብታሙ ደግሞ በመስታወት ቤት በአምፖል ያበቅላል። ቅጠላችንን ውድ ያደረገው ፍርሃቱ ኖሯል። ለካ ስንረግመው የኖርነው ሄሊኮፕተር ነው ገበያችንን ሲጠብቅልን የነበረው።

የሉንጊሳ አያት አንድ ፒፓቸውን እንደ ወትሮው አጨሱ፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። የሚያጨስ አጨሰ፣ የማያጨስ አላጨሰም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ድሮ አንድ ነጭ መኪና ባዶውን መጥቶ ቅጠል ሞልቶ ይሄድ ነበር። አሁን ያው መኪና ሞልቶ ይመጣና ባዶውን ይሄዳል። መጀመሪያ ብራንዲ አመጣ፤ ቀጥሎ ክሪስታል የሚሉትን፣ የሚጨስ ነጭ ዱቄት። ሥራ የፈታ ወጣት ሁሉ ተሰለፈለት።

ሉንጊሳም ተሰለፈ።

«ካልቀረ ያንን ያንተን ቅጠል ብታጨስ ምን ነበረበት?» አልኩት፤ ከንፈሩ ተቃጥሎ ባየሁት ቀን። እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ቅጠሉ ያስተኛል። ስተኛ ባዶውን በረት ነው የማየው፤ ማጃሊ።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄኛው ከብቶቹ የመጡ ያስመስለኛል።»

እጁን ያዝኩት።

«እንግዲያው እኔ ራሴ ልምጣ» አልኩት። «ልብሴን ጠቅልዬ በእግሬ እገባለሁ። ያለ ከብት ያገባች የመጀመሪያዋ ሴት አልሆንም።»

«እንደ ተሰረቀች ፍየል?» ዓይኑ እንባ ሞላ። «አንቺን? አላደርገውም።»

ነርሷ ዘንድ ወሰድኩት፤ አልጋ ያለበት ቤት ሩቅ ነው፣ ወረፋውም ብዙ ነው አለች። ጎጆ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ሲያለቅስ አያቱ አላስቻላቸውምና ከፈቱለት። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ ጸለይኩለት። ሦስቱንም በትክክል የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ያከማቸው ቅጠል ሻግቶ ወደ ገደል ሲጣል አብሬው ቆሜ አየሁ። ቀጥሎ የአያቱ ብርድ ልብስ ተሸጠ፤ ቀጥሎ የጎጆው በር። ከዚያ እሱ ራሱ ከተራራው ወረደ።

ባለፈው ሳምንት ሉሲኪሲኪ ታክሲ ተራ አየሁት። በቆሸሸ ጨርቅ የመኪና መስታወት ይወለውላል። ጉንጩ ገብቷል፤ ጥርሱ ረግፏል። ፊቱ ቆምኩ። ዓይኑ ፊቴ ላይ አረፈና እንደ ዝንብ ተነሳ።

«እህቴ፣ ለዳቦ የምትሰጪኝ አለሽ?»

ዳቦ ገዝቼ በእጁ ሰጠሁት። «እግዜር ይስጥሽ፣ እህቴ» አለና ወደሚቀጥለው መኪና ሮጠ። ማጃሊ አላለኝም።

ቤት ስደርስ አባቴ የበረቱን አጥር ይጠግናል። ሽቦውን እንድይዝለት ጠቆመኝ፤ ያዝኩለት።

«አልቅሰሻል» አለኝ።

«ሉንጊሳን አየሁት፣ አባዬ። ጨርሶ ረስቶኛል።»

አባቴ መዶሻውን አወረደ።

«ያ ልጅ ለምን እንዳልፈለገሽ እስካሁን አይገባኝም» አለ።

«እንዴት አልፈለገኝም? እርስዎ ከብቱን ሙሉ ካላመጣችሁ ብለው አይደል የመለሷቸው?»

«እኔ?» ሽቦውን ከእጄ ወስዶ ቀስ ብሎ አሰረው። «አልነገሩሽም እንዴ? ለደጃፍ መክፈቻ አንድ ፍየል ይበቃኛል፣ የቀረው ሲገኝ ይመጣል አልኳቸው። አጎቱ ለማኝ አስመሰልከን ብሎ ተነስቶ ወጣ። ደጅ ድረስ ተከትዬው፣ ‹ፍየሉም ይቅር፤ ልጅቷን ዛሬውኑ ውሰዷት› ብዬው ነበር።»